የጭልጋ ዝሆኖችና ከባሕር ማዶ የመጣው አንበሳ

ከጎንደር ተነስቶ የደባርቅን መንገድ የያዘ ሰው ከተማዋን ለቆ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተጓዘ ወለቃን ያገኛል፡፡ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረችው ይህች መንደር በሸክላ ሥራዋ ትታወቃለች፡፡ ነዋሪዎቿ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ትላልቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የሸክላው ሥራ አልቀረም፡፡ ለጎብኚ ከሚቀርቡት ትናንሽ ቅርጾች መካከል አንበሳው አይጠፋም፡፡ ማንም ቢሆን ይህን የሸክላ አንበሳ ሲገዛ የአገሩን እንስሳ ምስል ይዞ እንደሚሄድ ነው የሚያስበው፡፡

በሥነ ምድርና በቅሪተ አካል ጥናት ዓይን ግን ነገሩ ሌላ ነው፡፡ የአንበሳ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር ከዩራሲያ ወደ አፍሪካ የገባ ነው፡፡ የአውራሪስ፣ የቀጭኔ፣ የጎሽ፣ የአጋዘንና የሜዳ አህያ ዘርም እንደዚሁ፡፡ በዚህ ምድር ላይ የባለአገርነት ጥያቄ ከተነሳ ቀዳሚዎቹ ዝሆንና፣ ብዙዎች እንደ ትልቅ እንስሳ የማይቆጥሩት፣ ሽኮኮ ናቸው፡፡ (“ባለአገር” እና “መጤ” የሚሉት ቃላት በእኛ ዘንድ ሌላ ትርጉም መያዛቸው ይታወቃል፤ እዚህ የምንናገረው ስለ አራት እግር እንስሳት ነው፡፡) ለዚህ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱና ዋነኛው የተገኘው ከዚያው ከጎንደር አካባቢ፣ ከጭልጋ መሬት ነው፡፡

ጥቁሩ ድንጋይ

ወደ ጭልጋ ከመሄዳችን በፊት ወለቃ ላይ የሚረገጠውን ጥቁር ድንጋይ መመልከት ይጠቅማል፡፡ ይህ ድንጋይ ባዛልት ይባላል፡፡ የፋሲል ግንብ ግድግዳ የተሠራው በአብዛኛው ከዚሁ ነው፡፡ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ፈስሶ፣ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ እየተጫነ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ፈጠረ፡፡ የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ምዕራብ ደጋ ማለት በመሠረቱ ይህ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ የዕድሜ ልኬት መሠረት አብዛኛው ፍሰት የተከናወነው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፡፡ ለሰው ይህ ረጅም ዘመን ነው፤ ለሥነ ምድር ባለሙያ ግን የአንድ ሳምንት ዝናብ ያህል ነው፡፡

በዚህ ንጣፍ ላይ ደግሞ ታላላቅ ተራሮች ተነሱ፡፡ ከላይ ሲታዩ ሁሉም የአንድ ዘመን ልጆች ይመስላሉ፤ አይደሉም፡፡ የሰሜን ተራሮች ከባዛልቱ ጎርፍ ጋር እኩያ ናቸው፤ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋሉ፡፡ የጎጃሙ ጮቄ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን ሚዮሲን የተባለው ዘመን ከገባ በኋላ የተወለደ ነው፡፡ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጉና ከሁሉም ታናሽ ነው፤ 11 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አይሞላውም፡፡ ሚዮሲን የሚባለው ከ23 ሚሊዮን እስከ 5.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድረስ የነበረው ዘመን ነው፡፡ ከእርሱ በፊት የነበረው ኦሊጎሲን ይባላል፡፡ አንባቢ እነዚህን ሁለት ስሞች ቢይዝ ይበቃዋል፤ ጉዳያችን በሁለቱ ድንበር ላይ ነውና፡፡

ባዛልት ግን ለአጥንት ጠላት ነው፡፡ የቀለጠ ድንጋይ የሸፈነው እንስሳ አመድ ሆኖ ይቀራል፡፡ ቅሪተ አካል የሚቆየው በጭቃ፣ በአሸዋና በአመድ በቶሎ ሲቀበር ነው፡፡ ስለዚህ በጎንደር ደጋ ላይ አጥንት ፈላጊ የሚሄደው ወደ ተራራው ሳይሆን እሳተ ገሞራው ፋታ በሰጠበት ጊዜ ሐይቅና ረግረግ ወደተኛባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ነው፡፡

በከሰሉ መካከል

ወለቃ በጎንደር ሰሜናዊ መውጫ ላይ ናት፡፡ ጭልጋ ደግሞ በምዕራብ፣ በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል፡፡ ቀድሞ በሰሜን ጎንደር ሥር የነበረው አካባቢ አሁን በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ተካትቷል፤ ከተማው አይከል ነው፡፡ በዚያ የሚያልፈው የጓንግ ወንዝ ወደ ሱዳን ወርዶ አትባራ ይባላል፡፡ ወንዙና ገባሮቹ መሬቱን ሲሸረሽሩት በባዛልቱ ላይ ተነጥፎ የነበረ የሸክላ አፈር፣ የአሸዋ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና የሊግናይት ከሰል ንብርብር አጋለጡ፡፡

ጭልጋ በባለሙያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ስሙ ይነሳ የነበረው በዚህ በከሰሉ ነው፡፡ ከሰል ማለት የበሰበሰ ጫካ ነው፤ ከሰል ባለበት ረግረግ ነበረ፣ ረግረግ ባለበት ደግሞ ውኃ ሊጠጣ የመጣ እንስሳ አይጠፋም፡፡

እዚህ ላይ አንድ የዕድሜ ስህተት አለ፤ ጽሑፋችንም የሚያጠነጥነው በእርሱ ዙሪያ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 ፈረንሳዊቷ የአበባ ብናኝ ተመራማሪ ሬይሞንድ ቦንፊይ ያለችበት ቡድን በኔቸር መጽሔት ባወጣው ጥናት የጭልጋ ደለል የኋለኛው ሚዮሲን፣ ማለትም ወደ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆነው ተደርጎ ቀረበ፡፡ በደለሉ ውስጥ የተገኘው የአበባ ብናኝ የእርጥብ ቆላ ጫካ ነበር፡፡ ከዚህ ተነስቶ የተደረሰበት ድምዳሜ፣ አካባቢው ያኔ ዝቅተኛ ነበር፣ የጎንደር ደጋ ወደ ላይ የተነሳው ከ8 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው የሚል ነበር፡፡

ድምዳሜው በራሱ መንገድ የተስተካከለ ነበር፡፡ ችግሩ ቁጥሩ ነው፡፡ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ካፕልማን የሚመራውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ ፈሰሃ የሚገኝበት ቡድን ቦታውን እንደገና ሲለካ፣ ዕድሜው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ፡፡ ልዩነቱ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፡፡ ቦታው ከሚዮሲን ወጥቶ ኦሊጎሲን ውስጥ ገባ ማለት ነው፡፡

ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንግለጽ፡፡ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ፖታሲየም አለ፡፡ ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት እየከሰመ አርጎን ወደተባለ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ በክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል፡፡ የተጠራቀመውን መለካት ዓመቱን መቁጠር ነው፡፡ ሁለተኛው ዘዴ ማግኔት ነው፡፡ የምድር ሰሜንና ደቡብ ዋልታ በታሪክ ብዙ ጊዜ ቦታ ተለዋውጧል፤ ደለሉ ሲተኛ በውስጡ ያሉት የብረት ቅንጣቶች የዚያን ጊዜውን አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ፡፡ በጭልጋ ሁለቱ ዘዴዎች ተዳምረው ነው ዘመኑን ያጸኑት፡፡

ጆሮ የሚያቆመው ነገር ከዚህ ይከተላል፡፡ በአፍሪካ ከ32 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ጊዜ ለትላልቅ አጥቢ እንስሳት ጥናት ባዶ ገጽ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ ከዚያ በፊት የነበሩት በግብፅ ከፋዩም በረሃ በብዛት ተቆፍረው ወጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት በኬንያና በኡጋንዳ ተገኝተዋል፡፡ በሁለቱ መካከል የእንስሳቱ ዓለም ተገልብጧል፡፡ እንዴትና መቼ እንደተገለበጠ ግን የሚያሳይ አጥንት አልነበረም፡፡ ጭልጋ 8 ሚሊዮን ዓመት ቢሆን ኖሮ ከብዙ የሚዮሲን ቦታዎች አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር፡፡ 27 ሚሊዮን በመሆኑ የባዶው ገጽ መሙያ ሆነ፡፡

ከጭቃው የወጡት

ውጤቱ በኅዳር 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2003) በኔቸር ታተመ፡፡ ከእንስሳቱ ሁሉ ዓይን የሚስበው አርሲኖይቴሪየም ነው፡፡ ስሙ የግብፅ ንግሥት ከነበረችው ከአርሲኖዬ የተወሰደ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ፋዩም ላይ ስለሆነ፡፡ ሲያዩት አውራሪስ ይመስላል፤ አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች አሉት፡፡ የአውራሪስ ቀንድ ግን እንደ ጥፍርና ፀጉር ካለ ነገር የተሠራ ሲሆን የዚህኛው ደንዳና አጥንት ነው፡፡ ከአውራሪስ ጋርም አይዛመድም፤ ዘመዶቹ ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው፡፡ የጭልጋው ከፋዩሙ በአካል ስለሚበልጥ አዲስ ዝርያ ተብሎ አርሲኖይቴሪየም ጂጋንቲየም የሚል ስም ወጣለት፡፡ ከዚያ በፊት ይህ እንስሳ ከፋዩም ዘመን ብዙም ሳያልፍ እንደጠፋ ይታሰብ ነበር፡፡ በጭልጋ ረግረግ ግን ሚሊዮን ዓመታትን ጨምሮ፣ ገዝፎም ኖሯል፡፡

ሽኮኮዎቹም የዛሬዎቹን አይመስሉም፡፡ ዛሬ በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ ከጥንቸል ብዙ አይበልጥም፡፡ ያኔ ግን ቦታውን ሞልተው የነበሩት ሽኮኮዎች አሳማ የሚያህሉ ነበሩ፡፡ ዛሬ ከርከሮና ድኩላ የሚሠሩትን ሥራ፣ ቅጠል መልቀሙን፣ ሥር መማሱን፣ ሣር መጋጡን የያዙት እነርሱ ነበሩ፡፡ የሽኮኮ የላይኛው የፊት ጥርስ ሳያቋርጥ እንደሚያድግ የዝሆን ጥርስ ነው፤ ጣቶቹም በጥፍር ፋንታ ሰኮና መሰል ነገር አላቸው፡፡ የዘረ መል ጥናትም ዝምድናውን አረጋግጧል፡፡

ዋናው ነገር ግን ዝሆኖቹ ናቸው፡፡ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘመን ቢያንስ አራት ዓይነት የዝሆን ወገን ተገኝቷል፡፡ ፓሊዮማስቶዶንና ፊዮሚያ የተባሉት ከፋዩም ጀምሮ የሚታወቁ አሮጌዎች ናቸው፡፡ ሦስተኛው የጎምፎቴር ወገን ሲሆን ከሚታወቁት ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ የዛሬው ዝሆን የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ግንድ ነው፡፡ አራተኛው ጭልጋቴሪየም ሃሪሲ ይባላል፡፡ የመጀመሪያው ስም የቦታው ነው፤ ሁለተኛው ይህን የእንስሳት ወገን ላጠናው ለጆን ሃሪስ መታሰቢያ የተሰጠ ነው፡፡ ጭልጋቴሪየም የዳይኖቴሮች ታላቅ ነው፡፡ ዳይኖቴር ማለት እንደ ዛሬው ዝሆን ከላይኛው መንጋጋ ሳይሆን ከታችኛው ወደ መሬት የታጠፈ ጥርስ ያለው የዝሆን ዘመድ ነው፡፡ የኋለኞቹ ከዛሬ ዝሆን የገዘፉ ነበሩ፤ በኦሞ ሸለቆ ከጥንታዊ ሰዎች ጋር በአንድ ዘመን ኖረው፣ ከአፍሪካ የጠፉት 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ነው፡፡ የጭልጋው ግን ከሁሉም ያነሰ ሲሆን የሚታወቀውም በዋነኛነት በጥርሶቹ ነው፡፡ አንድ መንጋጋ ጥርስ ሃያ ስድስት ሚሊዮን ዓመት የኖረ የዘር ሐረግ መጀመሪያ መሆኑ ለጥርስ ሐኪሞቻችንም ደስ የሚል ነገር ነው፡፡

ጥርስ ካነሳን አይቀር፣ ጎረቤት አገር ኤርትራ ውስጥ ዶጋሊ ላይ የተገኘው መንጋጋ መጠቀስ አለበት፡፡ ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤሪትሪየም ተብሎ ተሰየመ፡፡ እንስሳው ቁመቱ 1.3 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል፡፡ ነገር ግን የዛሬ ዝሆን ጥርስ አበቃቀል ነበረው፡፡ የእኛ ጥርስ ከሥር ወደ ላይ ሲተካ የዝሆን መንጋጋ ከኋላ ወደ ፊት እየተገፋ ይተካል፤ በእያንዳንዱ የመንጋጋ ወገን በዕድሜ ልክ 6 ጥርስ ብቻ፡፡ የመጨረሻው ሲያልቅ ዝሆኑ ያልቃል፡፡ ይህ አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ትንሽ እንስሳ ላይ ነው፡፡ ጥናቱን የመሩት ሔዚ ሾሻኒ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በከተማችን በአንድ ሚኒባስ ታክሲ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ሕይወታቸው አልፏል፡፡

እንስሳቱ ይኖሩበት የነበረው ጫካም ተርፏል፡፡ ቦኒ ጄኮብስና አሮን ፓን ከጓንግ ወንዝ ዳር የሰበሰቧቸው ቅጠሎች በአንድ አመድ ንብርብር 27.23 ሚሊዮን ዓመት ተብለው ተለክተዋል፡፡ ዘንባባዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ዛሬ በምዕራብና በማዕከላዊ አፍሪካ ጫካ ብቻ የሚገኝ ተንጠልጣይ ዘንባባ ዘመድ ሆኖ ኤሬሞስፓታ ጭልጋኤንሲስ ተብሏል፡፡ ዛሬ በጤፍና በማሽላ የተሸፈነውን የአይከል መንገድ ለሚያውቅ ሰው በዚያ ቦታ የኮንጎን የሚመስል ጫካ ማሰብ ቀላል አይደለም፡፡

የተከፈተው በር

በጭልጋ ከተገኙት ትላልቅ እንስሳት መካከል አንድም የድመት ወገን፣ አንድም አውራሪስ፣ አንድም የቀንድ ከብት ወገን የለም፡፡ ምክንያቱ ካርታው ነው፡፡ ያኔ አፍሪካና ዓረቢያ አንድ የብስ ሲሆኑ ከዩራሲያ የሚለያቸው ቴቲስ የተባለ ባሕር ነበር፡፡ ጥቂት እንስሳት በአጋጣሚ አስቀድመው መሻገራቸው ባይቀርም መንጋ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም፡፡ በሚዮሲን መጀመሪያ ዓረቢያ ወደ ሰሜን ተገፍታ ከእስያ ጋር ስትጋጠም የየብስ ድልድይ ተፈጠረ፡፡ አውራሪሱ፣ አሳማው፣ የቀጭኔና የአጋዘን አባቶች፣ የድመት ወገኖች በዚያ ገቡ፡፡ ባለ ሦስት ጣት ፈረሶች ዘግይተው በኋለኛው ሚዮሲን ሲደርሱ የዛሬው የሜዳ አህያ ወገን ደግሞ ከእነርሱም ብዙ ዘግይቶ ነው የመጣው፡፡ በተቃራኒው አቅጣጫ ዝሆኖች ወጡ፤ እስያን አልፈው አሜሪካ ድረስ ዘለቁ፡፡ ጦጣና ዝንጀሮ መሰሎቹም ተከተሉ፡፡

ከሁለቱ ወገን ማን ተጎዳ ቢባል መልሱ ግልጽ ነው፡፡ አርሲኖይቴሪየም ጠፋ፤ ትላልቆቹ ሽኮኮዎች ቦታቸውን ለአሳማና ለአጋዘን ወገን ለቀው ገደል ላይ ቀሩ፡፡ ዝሆን ግን ገዘፈ፡፡ ቀደም ሲል ዝሆኖችም የተገፉት በመጤዎቹ ፉክክር ነው ይባል ነበር፡፡ የጭልጋ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ዳይኖቴርና ጎምፎቴር ድንበሩ ከመከፈቱ በፊት በራሳቸው ጊዜ እየታደሱ እንደነበር አሳይቷል፡፡ እንግዳው ሲመጣ ዝሆን ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው፡፡

ጭልጋ ከሚዮሲን በር ላይ ያቆመናል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባንም፡፡ ለዚያ ሌላ ቦታ መሄድ ያስፈልጋል፡፡ በዚያው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የሙሽ ሸለቆ አለ፤ 21.73 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የሐይቅ ደለል ውስጥ ቅጠልና ዘር፣ እንቁራሪት ሳይቀር ተጠብቆ ተገኝቷል፡፡ በምዕራብ ሐረርጌ ጮሮራ ደግሞ ገን ሱዋ፣ ብርሃኔ አስፋውና ዮናስ በየነ ያሉበት ቡድን በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስን አስተዋወቀ፡፡ የተገኙት 9 ጥርሶች የጎሪላን ይመስላሉ፡፡ ያኔ ከ10 እስከ 10.5 ሚሊዮን ዓመት ተብለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሲለካ 8 ሚሊዮን ሆነ፡፡ በዚህም የጎሪላና የሰው መስመር የተለያየበትን ጊዜ የሚመለከተው ክርክር እንደገና ተነሳ፡፡ እንደ ጭልጋ ሁሉ እዚህም አጥንቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአመዱ ዕድሜ ነው፡፡ በሚዮሲን መጨረሻ ላይ ደግሞ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳወቀው የመካከለኛው አዋሽ አርዲፒቴከስ ካዳባ አለ፤ እርሱ ግን ለራሱ አንድ ጽሑፍ ይፈልጋል፡፡

ወደ ጎንደር እንመለስ፡፡ የሰሜን ተራሮችን ዝና ከያዙት ሦስት እንስሳት መካከል የዋልያ አባቶች ከዩራሲያ የመጡ የፍየል ወገኖች ናቸው፡፡ ቀይ ቀበሮም ከዚያው አቅጣጫ የገባ የተኩላ ዘመድ ነው፡፡ በአፍሪካ በቅሎ ያደገው ጭላዳ ብቻ ነው፡፡ አንበሳም ቢሆን ከጎንደር ምድር ጨርሶ አልወጣም፤ በቋራ በሚገኘው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 በካሜራ ታይቶ መኖሩ ተረጋግጦ ነበር፡፡ በጭልጋ ረግረግ በአራት ወገን ይመላለስ የነበረው ዝሆን ግን ከዚህ ደጋ ላይ የለም፡፡

ስለ ቦታው አያያዝ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ልክ አይሆንም፡፡ በጭልጋ ከሰሉና አጥንቱ የተኙት በአንድ ንብርብር መካከል ነው፡፡ ከሰሉን የሚቆፍር ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ አጥንቱንም ይቆፍራል፡፡ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በመንገድ ወይም በሕንፃ ሥራ ላይ እያለ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ፣ ባለሙያ እስኪደርስም ሳይነካ እንዲጠብቅ ያዝዛል፡፡ ቅሪተ አካልም ቅርስ ነው፡፡ ትእዛዙ ለወረቀት የወጣ አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው የአንድ ጥርስ ዋጋ ያለው ከየትኛው የአመድ ንብርብር በታች ወይም በላይ እንደወጣ ሲታወቅ ነው፡፡ በኪስ ተይዞ ወደ ከተማ የመጣ ጥርስ 8 ሚሊዮን ይሁን 27 ሚሊዮን ዓመት የሚነግረን የለም፡፡